የሃምሳ አለቃ የገና ሳምንት፦ ሥራውን ለምን አንካፈልም?

ሰላም የሐዋሳ ልጆች፤ እንደምን ከረማችሁ?

ገና እየደረሰ ነው። የቅርጫ ብር መሰብሰብ ተጀምሯል። በዓሉ ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር ላንሳ።

ሰፈራችን አቶቴ አካባቢ ነው። ሁላችንም ሃምሳ አለቃ እያልን የምንጠራቸው አባት አሉን። የቀድሞው ጦር አባል ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባን ሊነካ ምንም አልቀረው። ግራ ጉልበታቸው ውስጥ ከጦር ሜዳ የቀረ ፍንጣሪ አለ፤ ብርድ ሲመታቸው ያነክሳሉ። በዓል በመጣ ቁጥር ግን ከእሳቸው ቀድሞ የሚነሳ፣ ከእሳቸው ዘግይቶ የሚተኛ የለም።

ሳምንታቸውን ልንገራችሁ። ታኅሣሥ 19 ቀን ገብርኤል ሲነግሥ ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ከተማውን ይሞላዋል። ሃምሳ አለቃ ከንጋት ጀምሮ መንገድ ዳር ይቆማሉ። ሽማግሌ ያሻግራሉ፤ የጠፋ ልጅ ከእናቱ ያገናኛሉ። ንግሡ ሲያልፍ የእድሩ ዕቃ ቤት ይከፈታል። ድንኳኑን ዘርግተው የተቀደደውን ይሰፋሉ፤ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ጭልፋውን ይቆጥራሉ። ከዚያ ለማዕድ ማጋራት ቤት ለቤት ዞረው ዱቄት፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና እንቁላል ይሰበስባሉ። ወጣቶቹን ይዘው ደም ልገሳ ይሄዳሉ። እሳቸው 65 ዓመት ስላለፋቸው መለገስ አይችሉም፤ ወረፋው ላይ ግን አብረው ቆመው መርፌ የሚፈራውን ያጫውታሉ። ቀጥሎ የከብት ገበያ አለ። በሬውን መርጠው፣ ተከራክረው፣ ነድተው ያመጣሉ። በዋዜማው ሌሊቱን ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ሲነጋ ሳይተኙ ቅርጫው ላይ ይገኛሉ። ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ የልጆቹ የገና ጨዋታ ዳኛ ናቸው። በማግስቱ ሆስፒታል የተኙትን ይጠይቃሉ።

ባለፈው ዓመት ድንኳኑን ሲያወርዱ ጉልበታቸው ከዳቸውና ወደቁ። አጠገባቸው አምስት ጎረምሶች ቆመው ነበር። ሰፈሩ እግዜር ይማርዎት ብሎ ወደየቤቱ ገባ። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጥያቄዬ ይኼው ነው። እግዜር ይስጥልን ማለት ሥራ አያቀልም። ዘንድሮ ሥራውን ለምን አንከፋፈለውም? ወይስ ወደው ነው የሚሠሩት ብለን እንተወው? ሐሳባችሁን ስጡኝ።

መልሱ እየበዛ ስለሄደ፣ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች በየቁጥሩ እዚሁ አሰፍረዋለሁ።

መልስ 1፦ መናኸሪያ አካባቢ የምትኖር እናት ናት። በትሕትና ሰላምታ ሰጥታ ለሃምሳ አለቃ ዕድሜና ጤና ተመኘች። በእነሱ ሰፈር ይህንኑ ሸክም የተሸከሙ ጡረታ የወጡ አስተማሪ እንዳሉም ነገረችን። ሐሳቡን ደግፋለች፤ ከየት እንጀምር የሚለውን ግን ለሌሎች ተወችው።

መልስ 2፦ ከጅዳ የጻፈ የሰፈራችን ልጅ ነው። ከዚያ ሆኖ ድንኳን መትከል ስለማይችል ለጉልበት ሠራተኛ የሚሆን ብር ሊልክ ቃል ገባ። ልቡ ቅን ነው፤ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን እኛ ያጣነው ብር አይደለም። ድንኳን የሚተክል ጉልበት በየበሩ ተቀምጦ ይውላል። ይህንኑ ጻፍኩለት፤ ብሩ ለማዕድ ማጋራቱ ዘይት መግዣ እንዲሆን ተስማማን።

መልስ 3፦ ይኼኛው ተቆጥቶ ነው የገባው። ሃምሳ አለቃ ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠኑ ሚሊሺያ እንደነበሩና በ1969 ካራማራ ላይ እንደተዋጉ ጻፈ። እንዲህ ያለ ሰው የድንኳን ገመድ ሲጎትት ማየት ለከተማው ሁሉ ውርደት ነው ባይ ነው። በእሱ ሐሳብ ሃምሳ አለቃ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከመመረቅ በስተቀር ምንም ሥራ ሊነኩ አይገባም።

መልስ 4 በሁለት መስመር 3ኛውን ደግፎ አለፈ።

መልስ 5፦ የውይይቱን መንገድ የቀየሩት እኚህ ናቸው። ጸሐፊው ራሳቸው የቀድሞ ጦር አባል ሲሆኑ ታቦር ተራራ ሥር ይኖራሉ። በመጀመሪያ የ3ኛውን ታሪክ አረሙ። የዚያድ ባሬ ጦር ወረራውን የከፈተው በሐምሌ 1969 ነው። ጅጅጋ የተያዘችው በመስከረም 1970 ነው። ካራማራ ላይ ድሉ የተገኘው ደግሞ የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። ታጠቅ የሠለጠነው 300 ሺህ ሚሊሺያና መደበኛው ጦርም የተለያዩ ናቸው፤ ሃምሳ አለቃ የመደበኛው ጦር ልጅ መሆናቸውን አስረዱ። ሚሊሺያ መባል ነውር እንዳልሆነ፣ እሱም እንደማንም ደሙን እንዳፈሰሰ ጨመሩ። እውነቱ ግን በቦታው ይቀመጥ ይላሉ።

ከዚያ የጻፉት ነው ልቤን የነካው። ከግንቦት 1983 በኋላ ከ400 ሺህ በላይ ወታደር ዩኒፎርሙን አውልቆ ተበተነ። የዚህ መልስ ጸሐፊም አንዱ ነበሩ። ስንዴና የመሳፈሪያ ብር ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ብዙ ጓደኞቻቸው ጡረታ አላገኙም። ጎረቤቱ በጥርጣሬ ያያቸው ነበር፤ አንዳንዱ ይፈራቸዋል፣ አንዳንዱ ይሸሻቸዋል። ትናንት ሰው ያዝዝ የነበረ ጎልማሳ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ለዓመታት ማንም ምንም ሥራ አልሰጣቸውም። አንድ ቀን ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተና ከእድሩ ሰዎች አንዱ ና ገመዱን ያዝ አላቸው። ያን ቀን ወደ ሰው የተመለሱ ያህል እንደተሰማቸው በረጅሙ ተረኩ። ሽማግሌን ወንበር ላይ አስቀምጦ ማስመረቅ ለ3ኛው ክብር መስሎ ቢታየውም፣ ለወታደር ሁለተኛ ከሥራ መሰናበት እንደሆነ አሳሰቡን። ሥራውን አትንጠቋቸው፤ ሸክሙን ግን ተሸከሙላቸው የሚል ነው የመልእክታቸው ፍሬ።

እኔም ሐሳቤ እዚህ ላይ ጠራልኝ። ሁሉንም እንውሰድ ማለት አይሆንም። የትኛው ሥራ ጉልበታቸውን እንደሚጎዳ፣ የትኛው ደግሞ ዕድሜ እንደሚጨምርላቸው ለይተን ማወቅ አለብን።

መልስ 6፦ እዚህ ጋ ነገሩ ጠንከር አለ። የጻፈው ወጣት ነው። ወጣቱ አይሠራም የሚለው ወሬ አስመርሮታል። እሱ እንደሚለው ሊያግዙ ሲሄዱ ገመዱን እንዲህ አትሠር፣ ድስቱን እንዲያ አትያዝ እየተባሉ ይመለሳሉ። የእድር ስብሰባ ላይ ወጣት እጅ ቢያወጣ ዕድል የሚሰጠው የለም። ለመዋጮ ሲሆን ይፈለጋል፤ ለሐሳብ ሲሆን ልጅ ነው። ቃሉ ይከር እንጂ ያለው ነገር እውነት አለበት። እኛ እድር ውስጥ ሊቀመንበሩም፣ ገንዘብ ያዡም፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱም ፀጉራቸው የሸበተ ናቸው።

መልስ 7 አላዘነለትም። ድንኳኑ ሲተከል በስልኩ ቪዲዮ የሚቀርጸው ማን እንደሆነ ጠየቀው። ወጣቱ ንግግር ከመጠየቁ በፊት ወንበር ይሸከም ብሎ ደመደመ። 6ኛውም ተመልሶ መጣና ሁለቱ ጥቂት ተወራወሩ። ያንን አልደግመውም፤ ለሁለቱም አይመጥንም።

መልስ 8፦ ደግነቱ አንድ የባጃጅ ሾፌር በመሃል ገባ። ሃምሳ አለቃን ከነዱቄቱና ከነዘይቱ ስንት ጊዜ እንደጫናቸው ጻፈ። በነፃ ላድርስዎት ቢላቸው እሺ ብለው አያውቁም። ሒሳቡን ከፍለው ይወርዳሉ፤ እምቢ ካለ ብሩን ወንበሩ ላይ ትተውለት ይሄዳሉ። ስለዚህ ዘንድሮ ቤት ለቤቱን ዕቃ እሱና ጓደኞቹ ራሳቸው ሊዞሩበት ወሰኑ። እሳቸው ዝርዝሩን ይዘው ቢቀመጡ ይበቃል ይላል። ክርክር ሲግል እንዲህ ሥራ ይዞ የሚመጣ ሰው እንዴት ደስ ይላል!

መልስ 9፦ አረብ ሰፈር ተወልዳ አሁን እኛ ሰፈር የምትኖር ሙስሊም እህታችን ናት። ነገሩ የገና ብቻ እንዳልሆነ አስታወሰችን። በአረፋ ጠዋት ሃምሳ አለቃ ከእሷ ቤተሰብ ቤት አይጠፉም። በግ ሲታረድ ገመድ ይይዛሉ፤ ለእሳቸው ተብሎ ሽሮ ለብቻ ይሠራል። አባቷ የሞቱ ጊዜ ደግሞ ቀብሩ በዚያው ቀን ስለነበር ሰው ሁሉ ተደናግጦ ሳለ፣ ድንኳኑን በቅጽበት ያስተከሉት እሳቸው ነበሩ። ወንድሞቿ በቅርጫውና በቅዳሴው ሰዓት የሰፈሩን ጥበቃ ሊይዙ እንደሚችሉ ጻፈች። ክርስቲያኑ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በሚያድርበት ሌሊት ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ከመልስ 10 እስከ 13 ያለው ዓሣ ነው። 10ኛው በገብርኤል ንግሥ ቀን መንገድ ለሚያሳዩት በጎ ፈቃደኞች ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ትኩስ የዓሣ ሾርባ እናምጣላቸው አለ። 11ኛዋ ወዲያው ተቃወመች፤ ጊዜው ጾመ ነቢያት ነው። 12ኛው ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ መሆኑን ገልጾ፣ ከሁዳዴ በስተቀር በጾም ዓሣ ሲበላ እንደኖረ ጻፈ። 11ኛዋ አልተቀበለችውም፤ ልማድና ሥርዓት ይለያያሉ ብላ ሞገተች። 13ኛው ለማስታረቅ ሞክሮ እያንዳንዱ የነፍስ አባቱን እንዲጠይቅ መከረ። እሱም ግን ወደ ዋናው ጉዳይ አልተመለሰም። ቆሮሶ ከአምባዛ በምን እንደሚሻል፣ በጠባብ መረብ ጫጩቱ ዓሣ እየተጠመደ ሐይቁ እንዴት እየተጎዳ እንደሆነ ገባበት። የሐይቁ ነገር ራሱን የቻለ ውይይት ይገባዋል፤ አንዳችሁ ክፈቱት፣ እኔም እመጣለሁ። ለንግሡ ቀን ግን ሻይና ቆሎ ይሁን ብለን አለፍን፤ ማንንም አያጣላም።

መልስ 14፦ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ኳየር አባል ነው። ማዕድ ማጋራቱ የሁሉም ስለሆነ ጓደኞቹን ይዞ ከ8ኛው ባጃጅ ጋር መዞር ይፈልጋል። አንድ ጥያቄም ጠየቀ፤ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ማነው? እኔ እንደማውቀው ሃምሳ አለቃ ደብተር አላቸው። ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን አልጋ ላይ እንዳለ፣ ማን ቸግሮት ለመናገር እንደሚያፍር ያውቃሉ። ለሚያፍረው ሰው ዕቃው የሚደርሰው ከመሸ በኋላ ነው። ካሜራ ይዞ መሄድ በፍጹም አይፈቅዱም። ይህን ሥርዓት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በደስታ ብዬ መለስኩለት።

መልስ 15 እና 16፦ 15ኛው የሥራ መርሐ ግብር አዘጋጅቶ መጣ። ከታኅሣሥ 19 እስከ 30 በየቀኑ ማን ምን እንደሚሠራ በሠንጠረዥ አስቀምጦ፣ ይኸው ለየዓመቱ ያገልግል አለ። 16ኛው አንድ ነገር አረመው። በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው፤ በ2016 እንደዚያ ነበር፣ በ2020ም እንደዚያው ይሆናል። በዚያ ዓመት ሠንጠረዡን የተከተለ ሰው በሬውን የሚነዳው በበዓሉ ዕለት ሊሆን ነው። 15ኛው አመስግኖ አስተካከለ። እንዲህ በሥርዓት የሚታረሙ ሰዎች ይብዙልን።

መልስ 17፦ ከሁሉም የመረረው ይኼ ነው። አንድ ትልቅ ሰው በሌሉበት ይህን ያህል ሕዝብ ስለ ጉልበታቸው ማውራቱ ነውር እንደሆነ ጽፎ፣ እሳቸውን የጠየቀ አለ ወይ ሲል እኔን ወጠረኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህን ከመክፈቴ በፊት ቤታቸው ሄጄ፣ ቡና እየተፈላ ጉዳዩን አንስቼላቸው ነበር።

በዚያ የነገሩኝን እነሆ። ድንኳኑን ለመልቀቅ አይከፉም፤ ገመዱን ሲስቡ ጉልበታቸው እንደሚያስቸግራቸው ራሳቸው ያውቃሉ። የከብት ገበያውንም ወጣት ቢከተላቸው ደስ ይላቸዋል፤ በሬ መምረጥ በማየት ነው የሚለመደው ባይ ናቸው። ቅርጫውን ግን ለማንም አይሰጡም። ምክንያታቸውን ሲያስረዱኝ ገባኝ። ጎረቤት ለዓመት የሚኳረፈው በዚያች ጠዋት ነው። መደቡ ሲደለደል ሥጋው፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ አጥንቱ ለሁሉም እኩል መዳረስ አለበት። እሳቸው አንዱን መደብ ብቻ አይተው አይነሱም፤ ከሁሉም ላይ እየቆነጠሩ ወደጎደለው ይጨምራሉ። ከዚያ ባለድርሻው ሁሉ አንዳንድ ምልክት ይሰጣል። አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ቀለበት፣ አንዱ ስንጥር። ምልክቱን ሲሰጥ ያላየ ሕፃን ይጠራና በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ዕጣው የወጣለትን ማንም አይከራከርም። ይህን ሥራ ለማያምኑት እጅ አይለቁትም። ከእሳቸው በኋላ የሚይዝ ሰው ከአሁኑ አጠገባቸው ቢቆም ግን ይወዳሉ። 17ኛው ይህን ካነበበ በኋላ ቃሉን አለዘበ፤ አጠገባቸው የሚቆመው ሰው እሱ ቢሆን እንደሚወድም ገለጸ።

መልስ 18 የዘንድሮ በሬ ዋጋ ስንት ደረሰ ብሎ ጠየቀ። ከሥሩ ብዙ ሰው ገምቷል። ገበያው ስላልወጣ ግምቱን እዚህ አላስገባሁትም።

መልስ 19፦ አንዲት ልጅ የገና ጨዋታ አሁንም አለ ወይ ብላ በመገረም ገባች። አለ፤ እኛ ሰፈር አለ። ጫፉ የቆለመመውን ዱላ ሃምሳ አለቃ ራሳቸው ከበዓሉ ቀደም ብለው ይቆርጣሉ። ሩሯን ከእንጨት ጠርበው ያለሰልሷታል። ልጆቹን በሁለት ቡድን ይከፍላሉ። ትልቁ ትንሹን እንዳይመታ ሥርዓት ያስይዛሉ። ድሮ ጌታና ሎሌ አንድ ሜዳ ላይ እኩል ይጋጠሙ ነበር፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የተባለውም ለዚያ ነው። ያን ቀን ሃምሳ አለቃ አያነክሱም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ማነከሳቸውን የሚያስታውስ ግን የለም። ይህንን ሥራ ማንም እንዳይነካባቸው እለምናችኋለሁ።

መልስ 20፦ ድንኳኑ አጠገብ ቆመው ከነበሩት አምስት ልጆች አንዱ ነው። ጽሑፌ ቅር አሰኝቶታል። እንደሚለው ዳር የቆሙት በግዴለሽነት አይደለም፤ ከትንሽ ጊዜ በፊት ሊያግዙ ሞክረው ከእድሩ ሰዎች አንዱ ዕቃ ትሰብራላችሁ ብሎ አባሯቸው ነበር። ሃምሳ አለቃ ሲወድቁ ቀድመው ያነሷቸውም እነሱ ናቸው። ይህ ሊነገር የሚገባው ነውና በቦታው አስቀምጬዋለሁ። የ6ኛውን ቅሬታም ያጠናክራል። ለማንኛውም አምስቱም ተነጋግረው ድንኳኑን ለመረከብ ወስነዋል፤ መትከልም፣ ማውረድም፣ መስፋትም። ያቀረቡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በበዓሉ ሳምንት በእጃቸው ይሁን። ለእድሩ ሊቀመንበር ነገርኩ፤ እሺ ብለዋል።

መልስ 21፦ ነርስ ናት። ስለ ደም ልገሳው የነገረችን ብዙ ሰው የማያስበውን ነው። ለጋሹ ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ክብደቱም ቢያንስ 45 ኪሎ መሆን አለበት። አንዴ የሰጠ ሰው ሦስት ወር ይቆያል። የሚጾሙ ልጆች ግን እህል ሳይቀምሱ በጠዋት ይመጣሉ፤ ከሰጡ በኋላ ራሳቸውን ስተው የወደቁ አይታለች። ስለዚህ የእኛ ሰፈር ልጆች ምሳ በልተው፣ ውኃ ጠጥተው ከሰዓት በኋላ ይምጡ ትላለች። ሆስፒታል ጥየቃውን በተመለከተም መከረችን። ሰው ተሰብስቦ ክፍል መሙላት ለበሽተኛው አይበጅም። ሁለት ሁለት ሰው ሆኖ በመጠየቂያ ሰዓት መግባት ይሻላል። ምግብ ከመውሰድ በፊት ደግሞ ሕመምተኛው ምን እንደተከለከለ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ከምግብ ይልቅ ሳሙናና ፎጣ ነው የሚቸግረው።

መልስ 22፦ ይህን የጻፈችው እህት የ15ኛውን ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች አንብባዋለች። ድንኳን፣ በሬ፣ ባጃጅ፣ ጥበቃ ሁሉም አለ። እንጀራውን ማን ይጋግራል? ሽንኩርቱን ማን ይከትፋል? ዶሮውን ማን ይገነጥላል? የሃምሳ አለቃ ባለቤት በበዓሉ ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ሥር እንደሚያነጉ፣ በነጋታውም ባዶውን ድስት ተደፍተው እንደሚያጥቡ በንዴት ጻፈች። ስለ ባልየው ጉልበት ይህን ያህል ሲወራ ስለ እሳቸው ወገብ ያነሳ አንድም ሰው የለም። ልክ ናት። ለአረጋውያኑ የሚቀርበው የገና ምሳ ከሰማይ አይወርድም፤ በእነዚያ እናቶች እጅ ነው የሚሠራው። ወዲያው ሠንጠረዡ ላይ የማዕድ ቤት ሥራ ተጨመረ። ውኃ መቅዳት፣ ከሰል ማቀጣጠል፣ ድስት ማጠብና ሽንኩርት መላጥ ለወንዶቹ ተሰጠ። 1ኛዋ እናት ከመናኸሪያ መጥታ ወጡን ልታግዝ ጻፈች። 6ኛውና 7ኛው ሽንኩርቱን አብረው ይዘዋል።

ሠንጠረዡን ነገ አትሜ እድሩ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። እስካሁን ሰው ያልተገኘለት ሆስፒታል ጥየቃው ነው። ከበዓሉ ማግስት ጠዋት ነፃ የሆናችሁ ሁለት ሰዎች ከሥር ጻፉልኝ።